ከኋላዬ አርባ አንድ ሰው ተኝቷል

ሰኞ ኅዳር 8፣ ጠዋት 1፡40፣ ፋብሪካው ግቢ

ደርሰናል። ከሰርቪሱ አርባ አንድ ሠራተኛ አወረድኩ። ጎማ አየሁ፣ ዘይት አየሁ። ሁሉም ደህና።

ሞጆን ግን አላየሁትም።

ማለቴ አልፌዋለሁ። ፋብሪካው ከሞጆ ማዶ ነው፣ ሳላልፈው እዚህ አልገኝም። ቢሾፍቱ ጋ ፀሐይ ፊቴን ስትመታኝ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ቀጥሎ ትዝ የሚለኝ የክፍያ ጣቢያዋ ልጅ እጇን ስትዘረጋልኝ ነው። በመሃል ያለው መንገድ የለም። ማን ነዳው? እጄ ነዳው፣ እግሬ ነዳው። እኔ እዚያ አልነበርኩም።

ይሄ ለማን ይነገራል? ለአንተው ነው እንጂ። አንተ ደብተር ነህ፣ ሄደህ ለስምሪት ክፍል አትናገርም። ባለፈው ወር የደህንነት ሥልጠና ብለው ሰብስበውን አንድ አንድ አደሉን። ሽፋንህ ላይ «ደህንነት ይቀድማል» ይላል። እስከ ዛሬ ባዶ የሆንከው ሥልጠናው ላይ ተኝቼ ስለነበር ነው። እውነቴን ነው። ርዕሱ «የአሽከርካሪ ድካም» ነበር። ሲያልቅ ቀሰቀሱኝና የምስክር ወረቀት ሰጡኝ።

አሁን ልተኛ ነበር። የግዥ ክፍል ሰዎች ሞጆ የሚያደርሳቸው ይፈልጋሉ አሉ። ሄድኩ።

ማክሰኞ ኅዳር 9፣ ጠዋት 1፡45

ዛሬ አርባ ሰው። አንዱ ፈቃድ ወጥቶ ይሆናል።

ሞጆን አየሁት። በግድ ነው ያየሁት። ቱሉ ዲምቱ ጋ ፈጣን መንገዱ ውስጥ ከገባን ጀምሮ ያየሁትን ነገር ሁሉ ጮክ ብዬ ስጠራ ነበር። ድልድይ! ቢጫ ተሳቢ! አጥር! አሁንም አጥር! ጋቢና የተቀመጠው የሰው ኃይል አስተዳደር ልጅ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ አየኝ። መልሶ ሰካው። ወዲያው ተኛ፣ አፉን ከፍቶ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጻፍልህ። ጋቢና የሚተኛ ሰው አይቀመጥበትም። ይሄ የሹፌር ሁሉ ሕግ ነው፣ የትም አልተጻፈም። አሥራ አንድ ዓመት ጅቡቲ ጭነት ሳመላልስ ጋቢና የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ወሬ ታውቃለህ ወይ ተብሎ ነው። የማያወራ ከኋላ ይሂድ። የሰው እንቅልፍ ይጋባል፤ ጎንህ ያለው ሲያንኮራፋ ያንተም ዓይን ፈቃድ የተሰጠው ይመስለዋል።

በድሮው መንገድ ደግሞ አህያ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ጉድጓድ አለ፣ ስልክ እያወራ የሚሻገር አለ። ስትሳደብ ትነቃለህ። ፈጣን መንገዱ የሚሰደብ ነገር የለውም። ለጥ ያለ። ግራ አጥር፣ ቀኝ አጥር። ከኋላዬ አርባ ሰው ተኝቷል፣ መጋረጃው ተዘግቷል፣ ሙቀቱ ደስ ይላል። ከእነሱ ሁሉ መሃል እንዳይተኛ የተቀጠረው አንድ ሰው እኔ ነኝ።

ረቡዕ ኅዳር 10፣ ከሰዓት 9፡30፣ መኪናው ውስጥ

ጠዋት ቆሎ ስቆረጥም መጣሁ። አገጬ ደከመ፣ ዓይኔ ግን ያው ነው። መስኮት ስከፍት ብርዱ ገደለን ብለው ጮኹብኝ። ጭኔን መታሁ። ሎሚ መጠጥኩ። የሁለተኛው ሰርቪስ ሹፌር ጫት ያዝ ይለኛል። ጫትን አውቀዋለሁ፣ ከሆዴ ጋር ተጣልቶ ነው የተለያየነው። እንቅልፍህን ያቆይልሃል እንጂ አይበላልህም፤ በኋላ ሁሉንም ባንዴ ያመጣዋል።

እትዬ ጥሩወርቅ ጋቢና ብትኖር ይሄ ሁሉ የለም።

ንገረኝ አትለኝም፣ ግን ልንገርህ። እትዬ ጥሩወርቅ የስፌት መስመር ተቆጣጣሪ ናት። ገርጂ ነው የምትሳፈረው። አራት ዓመት ሙሉ ጋቢና እሷ ናት የተቀመጠችው። አፏ አያርፍም። የኮንዶሚኒየም ኮሚቴያቸው ሊቀመንበር፣ የሊፍቱ ነገር፣ የእህቷ ልጅ ሽማግሌ መልሳ ኋላ መቆጨቷ። ታሪኩን ከገርጂ ጀምራ ልክ ፋብሪካው በር ላይ ታበቃዋለች። ሌላው ሁሉ ሲተኛ እሷ አትተኛም።

ከሦስት ሳምንት ወዲህ መጨረሻው ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው። ያስነሳኋት እኔ ነኝ። ስምሪት ክፍል ሄጄ፣ ወሬዋ ሐሳቤን ይበትነዋል፣ ለደህንነት ጥሩ አይደለም አልኩ። የስምሪት ኃላፊው ናሆም ሥልጠናው የሠራ መስሎት ደስ አለው። በጽሑፍ አስፈረመኝ። በማግስቱ ከመስታወቱ በላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ «ሹፌሩን ማነጋገር በጥብቅ የተከለከለ ነው።»

ወሬዋ አልነበረም ግን። አንተን እንኳ እየዋሸሁህ ነው። አንድ ቀን ስንመለስ ሸለብ አደረገኝ። አንድ ጊዜ፣ ቅጽበት። እትዬ ጥሩወርቅ ትከሻዬን መታ አድርጋ «ሰይዶ! ተኛህ እንዴ?» አለች። ጮክ ብላ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከኋላ ሳቁ። አንዱ «ለሰይዶ ትራስ አቀብሉት» አለ። ጅቡቲን ለአሥራ አንድ ዓመት ሳያንቀላፋ የተመላለሰ ሰው፣ ዘጠና ኪ.ሜ. መንገድ ላይ ትራስ! ፊቴ ነደደ። በማግስቱ ነው ስምሪት ክፍል የሄድኩት።

ያየችኝን ሴት ነው ያባረርኩት። ይኸው ተጻፈ።

ሐሙስ ኅዳር 11፣ ጠዋት 1፡50

ሠላሳ ስምንት። ገርጂ ሦስት ሰው አጣሁ። ጉንፋን ነው መሰለኝ፣ ብርዱ በርትቷል።

ሂክማ ሰኞ ሥራ ትጀምራለች! ልጄ። እዚሁ ፋብሪካ፣ ጥራት ቁጥጥር ክፍል። ትናንት ስልክ ስትደውልልኝ ድምጿ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁት፣ እኔም አለቀስኩ መሰለኝ። ከተመረቀች ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጠች፣ በየቢሮው ደጅ ጠናሁላት። አሁን እኔው ይዣት እሄዳለሁ፣ እኔው ይዣት እመለሳለሁ።

ይሄን ጽፌ መልሼ አነበብኩት። እኔው ይዣት እሄዳለሁ።

ዓርብ ኅዳር 12፣ ምሽት 1፡30፣ አራብሳ፣ ቤቴ

ዛሬ የሆነውን ልጻፍልህ።

ስንመለስ ነው። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ስትነዳ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ነች፣ ዓይንህን ራሷ ትከድነዋለች። ቢሾፍቱን አለፍን። ከዚያ ግርርርር የሚል ድምፅ። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ያለው ሻካራ መስመር። ቀኝ ጎማዬ እዚያ ላይ ነው፣ የብረት አጥሩ ከመስታወቴ አንድ ክንድ አይርቅም። መለስኩት። መኪናው ተወዛወዘ። አንዳንዱ ነቃ፣ ምንድነው አለ። ነፋስ ነው አልኩ። ነፋስ! ዛፍ ላይ ቅጠል አይነቃነቅም። ነፋስ ነው ብለው መልሰው ተኙ።

በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። መጨረሻው ወንበር ላይ ሁለት ዓይን ተከፍቷል። እትዬ ጥሩወርቅ። ታየኛለች።

ገርጂ ስትወርድ በሩ ላይ ቆም አለች። «ደህና ይደሩ፣ አቶ ሰይድ» አለችኝ።

አራት ዓመት ሙሉ ሰይዶ ነበርኩ። ዛሬ አቶ ሆንኩ፣ እርስዎ ሆንኩ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ኅዳር 14፣ ከሰዓት 8፡00

ትናንትም ሥራ ነበር። ዛሬ እስከ 6 ሰዓት ተኛሁ። ተነሣሁ፣ ያው ነኝ፣ ጭራሽ ደነዘዝኩ። ባለቤቴ ዘሀራ ተኝተህ ታንኮራፋለህ፣ ከዚያ ትንፋሽህ ይቆማል፣ ቆጥሬ ቆጥሬ ሞተ ብዬ ልነካህ ስል ትመልሰዋለህ አለች። ሐኪም ቤት ሂድ አለች። መቼ ልሂድ? ሌሊት 9፡30 ተነሥቼ ምሽት 1፡30 የምገባ ሰው መቼ ነው ሐኪም የማየው? እሷ ላይ ጮኽኩባት። ውኃ በሳምንት ሁለቴ የምትመጣው ሌሊት በመሆኑም እሷ ላይ ጮኽኩ፣ ጥፋቷ ይመስል። ጀሪካን የምትሞላው እሷ ናት እኮ።

ሂክማ ለነገ ልብሷን ስትተኩስ ሁለታችንንም ሰማች። መተኮሷን ቀጠለች። ፀባይዋ የእናቷ ነው፣ ሰው ፊት ክፉ አታወጣም።

ሰኞ ኅዳር 15፣ ጠዋት 1፡40

ሠላሳ አራት፣ ሂክማን ጨምሮ።

ጋቢና አስቀመጥኳት። የአስተዳደሩን ልጅ ከኋላ ሰደድኩት፣ አኮረፈ፣ ያኩርፍ። ዓይኔ አንዴም አልተከደነም! ከአራብሳ እስከዚህ ያለውን ድልድይ ሁሉ ልቆጥርልህ እችላለሁ። መሪውን ጨብጬ ጣቴ ደነዘዘ። ጎኔ ተቀምጣ የመታወቂያ ካርዷን ደጋግማ ታያለች፣ ፎቶዬ ያስጠላል አባዬ ትለኛለች። ፍርሃት እንዲህ የሚያነቃ ከሆነ መድኃኒቱ ተገኝቷል። አልሐምዱሊላህ።

ማክሰኞ ኅዳር 16፣ ጠዋት 1፡45

ዛሬም ነቅቼ። ድኛለሁ ማለት ነው። ደብተር፣ ካንተ ጋር የምንለያይ ይመስለኛል።

ረቡዕ ኅዳር 17፣ ምሽት 1፡40፣ አራብሳ

ፍርሃት የሚሠራው ሁለት ቀን ነው።

ስንመለስ ሂክማ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ነበር። ዱከም የሚል ሰሌዳ አየሁ። ከዚያ ምንም። ከዚያ የተሳቢ ቂጥ፣ ሲሚንቶ የጫነ፣ ፊቴ ላይ ድቅን ያለ። ፍሬን አልያዝኩም፣ ብይዝ ሁሉም ወደፊት ይወረወር ነበር። ወደ ግራ ሳብኩት። ግራው መስመር ባዶ ሆኖ ነው የተረፍነው። ከኋላ የሚመጣ ቢኖር ይሄን አልጽፍልህም ነበር።

ማንም አልነቃም። ሂክማ ዓይኗ እንደተከደነ ነው። አንገቷ ላይ ያለው ቀጭን ሐብል ይወዛወዛል። እሱን እያየሁ ወሎ ሰፈር ደረስኩ።

ልጄ ጎኔ ተቀምጣ እንኳ ተኛሁ። ከዚህ በላይ ምን ሊያነቃኝ ይችላል?

ሐሙስ ኅዳር 18፣ ጠዋት 4፡20

ናሆም ጋ ገባሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሳጠና ያደርኩትን ልናገር። ቀን ላይ ግዥ ክፍልን ማመላለሱ ይቅርብኝ፣ ልተኛበት፤ ሌላ ሹፌርም ይቀያይረኝ፤ ሐኪም ቤትም ልታይ። እንዲህ ልል።

ደክሞኛል አልኩ። ቀና ብሎ አየኝ። እንዴት ደክሞኛል፣ ጋሽ ሰይድ? ማሽከርከር ላይ ችግር አለ? ካለ መዝግቤ ለማኔጅመንት ማሳወቅ አለብኝ፣ መንጃ ፈቃዱም ይታያል አለ። በክፋት አይደለም፣ ልጁ ክፉ አይደለም፣ የተጻፈለትን ነው የሚሠራው። ብዕሩን አነሣ። ብዕሩን ሳይ ምላሴ የሌላ ሰው ይመስል ሌላ ነገር ተናገረ። ወንበሩ ነው፣ ወገቤን ያመኛል አልኩ።

በአንድ ሰዓት ውስጥ ተስተካከለ! በዚህ መ/ቤት እንዲህ የፈጠነ ነገር አይቼ አላውቅም። አዲስ ስፖንጅ፣ የራስ መደገፊያ። ሞከርኩት። እንዴት ይመቻል መሰለህ። አልጋዬ እንዲህ አይመችም።

ሳቅኩ። ብቻዬን መኪና ውስጥ፣ እንደ እብድ።

ዓርብ ኅዳር 19፣ ከሰዓት 7፡30

ጠዋት ሃያ ዘጠኝ። እትዬ ጥሩወርቅም የለችም። ግን በምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ አገኘኋት፣ ጥላ ሥር ከምሳ ዕቃዋ ትበላለች። በምን መጣሽ አልኳት። በሁለተኛው ሰርቪስ።

ቀስ ብሎ ገባኝ። ፈቃድ አልነበረም፣ ጉንፋን አልነበረም። መገናኛ ድረስ በታክሲ ሄደው፣ ከዚያ በሁለተኛው ሰርቪስ ቆመው ነው የሚመጡት። ቆመው! አሥራ ምናምን ሰው። ሁሉም ያውቃል። ማንም ለናሆም አልተናገረም፤ የሰው እንጀራ አንዘጋም ብለው። ማንም ለእኔም አልነገረኝም፤ እንዳይከፋኝ ብለው። የቀሩት ሃያ ምናምኑ ገና ያልሰሙት ናቸው።

ይቅርታ አልኳት። ማስታወቂያውን እቀደዋለሁ፣ ጋቢና ተመለሺልኝ አልኳት። መጉረሷን አቆመች።

«እኔ ወሬ ጥሞኝ መሰለህ ሰይዶ?» አለች። «ቀን ሙሉ ቆሜ ውዬ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ፣ ዓይንህ እንዳይከደን ነበር የምለፈልፈው። ማታ ማታ ነገ ምን ላውራለት ብዬ ሳስብ አድር ነበር። አራት ዓመት ፈርቼ ተሳፈርኩ። አሁን በቃኝ። አንተን መቀስቀስ የእኔ ሥራ አይደለም።»

ሰይዶ አለችኝ፣ ልብ በል። ግን አትመለስም።

አሥራ አንድ ዓመት ጅቡቲ፣ እኔ ጎበዝ ስለነበርኩ እንዳይመስልህ። ያኔም ጎኔ ተቀምጦ ሲለፈልፍ የሚያድር ነበር። የሰውን ድካም የራሴ ጉብዝና አድርጌ ስፎክርበት ኖርኩ።

እሑድ ኅዳር 21፣ ከሰዓት 9፡00

ዘሀራ ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች። ሂክማን ጠራኋት፣ ከነገ ጀምሮ በሁለተኛው ሰርቪስ ትሄጃለሽ አልኳት። የሻርፗን ጫፍ ጠቀለለች።

«አባዬ፣ ረቡዕ ዕለት ነቅቼ ነበር።»

ምን ማለትሽ ነው አልኩ፣ ገብቶኝ እያለ።

«ዓይኔን ከድኜ ነበር እንጂ አልተኛሁም። ከዚያ ጭንቅላትህ ሲወድቅ አየሁ። መኪናውን አየሁት ሲቀርብ።»

«ታዲያ ለምን አልጮህሽም?»

«ሰው እንዳይሰማብህ ብዬ።»

እጄን መሪው ላይ ላደርግ ስል ነቃህ፣ ከዚያ እንዳታውቅብኝ መልሼ ዓይኔን ከደንኩ አለች። እንዳላፍር። የሲሚንቶ ተሳቢ ፊቷ ላይ እየመጣ አባቴ እንዳያፍር ብላ አስባለች። ይሄን ማን አስተማራት? ሰው ፊት «ተኛህ እንዴ» ያለችውን ሴት ከወንበር የሚያስነሣ አባት ነው ያስተማራት።

ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆምኩ። አልቅሻለሁ።

ሰኞ ኅዳር 22፣ ጠዋት 12፡20፣ ቱሉ ዲምቱ

ክፍያ ጣቢያው ሳንደርስ ዳር ይዤ ቆሜያለሁ። አደጋ መብራቱን አብርቻለሁ። በሩን ከፍቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ሂክማ በሁለተኛው አልሄደችም። እምቢ አለች፣ ጋቢና ወጥታ ተቀመጠች። ገርጂ ላይ ዓይኔ ነደደኝ። ቃሊቲ ላይ አንዴ ተከደነ፣ ገና ከተማው ውስጥ፣ ገና መኪና እየተጋፋ። ፈጣን መንገዱን አሰብኩት። ለጥ ያለው።

ሞተሩን አጠፋሁ። ተነሥቼ ወደ እነሱ ዞርኩ። ሃያ ሰባት ሰው። ቀስቅሱልኝ የተኙትን አልኩ። ከዚያ ነገርኳቸው። ስነዳ እንቅልፍ ይወስደኛል። ዛሬ ብቻ አይደለም፣ ከሁለት ወር በላይ ሆኖታል። ባለፈው ነፋስ ነው ያልኩት ነፋስ አልነበረም። ከዚህ በኋላ ይሄን መኪና ይዤ ፈጣን መንገዱ ውስጥ አልገባም።

ከመሃል አንዱ፣ ሁለት ልጅ አለኝ፣ እስከ ዛሬ ምን ስትጠብቅ ነበር ብሎ ጮኸ። ትክክል ነው። አንዷ አሻራ የምንፈርምበት ሰዓት ሊያልፍ ነው፣ ማስጠንቀቂያ ይጽፉብናል አለች። እሷም ትክክል ናት። ወርደው ብርዱ ላይ ቆመዋል፣ እየደወሉ ነው። አንዳንዱ በዓይኑ ሊበላኝ ይፈልጋል። ሂክማ ከእነሱ ጋር ናት፣ ወደ እኔ አታይም፣ ግን አንገቷን አልደፋችም።

ናሆም ደውሏል፣ ሁለት ጊዜ። አላነሣሁትም። መጀመሪያ እዚህ ልጽፈው ብዬ ነው፣ ምላሴ እንዳይከዳኝ። ሌላ ሹፌር ላክ እለዋለሁ። ብዕርህን ያዝ እለዋለሁ። ስሜን በሙሉ፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ እንቅልፍ የወሰደኝን ጊዜ ሁሉ ጻፍ። መንጃ ፈቃዱ ይታይ እለዋለሁ።

ስልኩ ይጮኻል እንደገና። ላንሣው። እንዲህ ብዬ እጀምራለሁ፦ ተኝቼ ነበር ናሆም፣ ልጄን ጎኔ አስቀምጬ።